የኤሲ/ዲሲን ግጥሞች በካርድ ስለቅም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ዕቃ ማሰናዳት

የአውስትራሊያውን የሮክ ቡድን ኤሲ/ዲሲን የማይወዱ ሰዎች የሚያቀርቡት ክስ አንድ ነው፤ ጊታሩ ጥሩ ነው፣ ግጥሙ ግን ባዶ ነው ይላሉ። የሚያሳዝነው፣ ቡድኑን ከሚወዱትም ብዙዎቹ ክሱን አምነው ተቀብለውታል። ግጥሙን ማን ይሰማዋል ብለው ያልፉታል። እኔ እሰማዋለሁ። በተለይ የቡድኑ ዘፋኝ የነበረው ቦን ስኮት የጻፋቸው ስንኞች በሰው፣ በዕቃና በቁጥር የተሞሉ፣ በጥንቃቄ የተሠሩ፣ ከልብ የሚያስቁ ናቸው። ይህን በክርክር ከማስረዳት በእጅ ሥራ ማሳየት ይሻላል ብዬ ተነሥቻለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዘፈን አንድ ወፍራም የወረቀት ካርድ ይኖረዋል። በካርዱ ራስ ላይ የዘፈኑ ስም፣ አልበሙና ዓመቱ ይጻፋል፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከሥሩ በግጥሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ ቦታዎች፣ ቁጥሮችና ዕቃዎች አንድ በአንድ ይለቀማሉ። በላይኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ባለቀለም ወረቀት ይለጠፋል። ለሰው ሰማያዊ፣ ለገንዘብ አረንጓዴ፣ ለኤሌክትሪክ ቢጫ፣ ለእሳትና ለፈንጂ ቀይ፣ «ሮክ» ለሚለው ቃል ለራሱ ጥቁር። ካርዶቹ በጫማ ካርቶን ውስጥ በአልበም ቅደም ተከተል ሲደረደሩ፣ ቡድኑ በየዘመኑ ስለ ምን እንደዘፈነ ከላይ ሆኖ በቀለም ብቻ ማየት ይቻላል። ሲያልቅ በወስፌ ተበስቶ፣ በሰም በታሸ ክር ተሰፍቶ መጽሐፍ ይሆናል።

የምኖረው ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ ነው። ከዚህ ብዙም የማይርቀው ሰንሻይን የስኮት ቤተሰብ በ1952 ከስኮትላንድ ሲመጣ መጀመሪያ ያረፈበት ሰፈር ነው። ቤተሰቡ በ1956 ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ወደ ፍሪማንትል ቢሄድም፣ ቦን ልጅ ሆኖ የሮጠበት አካባቢ እዚሁ ጎረቤቴ መሆኑ ለሥራው ያለኝን ጉጉት ጨምሮታል።

የስሙ ካርድ

ከዘፈኖቹ በፊት ለቡድኑ ስም አንድ ካርድ ሠራሁ። ጊታር ተጫዋቾቹ ማልኮምና አንገስ ያንግ ከግላስጎው በ1963 ወደ ሲድኒ የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። ቡድኑን በ1973 ሲመሠርቱ ስሙን ያገኘችላቸው እኅታቸው ማርጋሬት ናት፤ በልብስ ስፌት መኪና ላይ የተለዋዋጭና የቀጥተኛ ጅረት ምልክት የሆኑትን ፊደላት አይታ። አንገስ እስከ ዛሬ መድረክ ላይ የሚለብሰው የተማሪ ዩኒፎርምም የእሷ ሐሳብ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ካርድ ሁለት ቀለም አለው፤ ለኤሌክትሪኩ ቢጫ፣ ለማርጋሬት ሰማያዊ። ስለዚህ ቡድን በተጻፈ ነገር ሁሉ የዚህች ሴት ስም ከፊት መምጣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቢጫው ወዲያው መብዛት ጀመረ። «ሃይ ቮልቴጅ»፣ «ላይቭ ዋየር»፣ ቆይቶም «ፓወሬጅ»፣ «ፍሊክ ኦፍ ዘ ስዊች»፣ መጨረሻም «ፓወር አፕ»። ስማቸውን ከኮረንቲ ካገኙ በኋላ ከ1975 እስከ 2020 ድረስ ሶኬቱን አልነቀሉትም።

ቅዳሜ፣ ስዋንስተን ጎዳና

በ1975 መጨረሻ በአውስትራሊያ የወጣው «ቲ.ኤን.ቲ.» የተሰኘው አልበም መክፈቻ ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው የሚል ዘፈን ነው፤ «ኢትስ ኤ ሎንግ ዌይ ቱ ዘ ቶፕ»። የዚህን ካርድ ለመሥራት ዛሬ ወደ መሃል ከተማ ወጣሁ። በየካቲት 1976 ቡድኑ በጠፍጣፋ የጭነት መኪና ላይ ቆሞ በስዋንስተን ጎዳና እየተጓዘ ይህንን ዘፈን ለቴሌቪዥን ተቀርጿል። ባግፓይፕ የሚነፉ ሰዎች አብረውት ተጭነዋል፤ በእግረኛ መንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች ገሚሱ ይስቃሉ፣ ገሚሱ ግራ ተጋብተው ያያሉ። ግጥሙን እየለቀምኩ በዚያው ጎዳና ሄድኩ።

ከእግር መንገዱ ያገኘሁት ነገር ይህ ነው። ዘፈኑ የጉራ ይመስላል፤ ዜማውም ድል አድራጊ ነው። ካርዱ ላይ ቃል በቃል ሲወርድ ግን የተለቀመው ሁሉ የደረሰ ጉዳት ነው። መዘረፍ፣ መደብደብ፣ አጥንት መሰበር፣ መታለል፣ ከሚገባው በታች መከፈል፣ ማርጀት፣ መሸበት። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የክስ ማመልከቻ ቢሆን እንዲህ የተሟላ አይሆንም። አንድም ቦታ ላይ እዘኑልኝ አይልም፤ ነገሩን ይዘረዝርና ጉዞውን ይቀጥላል። ቦን ያኔ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ፣ ከዚህ በፊት በሌሎች ቡድኖች ዘፍኖ ብዙም ያልቀናው ሰው ነበር። ዝርዝሩን ከየትም አልተዋሰውም።

በመልስ ጉዞዬ ከፍሊንደርስ ሌን የሚገባውን ጠባብ መንገድ አየሁት። ቀድሞ ኮርፖሬሽን ሌን ይባል ነበር፤ በጥቅምት 2004 በቡድኑ ስም ተሰየመ። የመንገድ ስም ሰያፍ መስመር አይፈቀድለትምና በታፔላው ላይ «ኤሲዲሲ» ተያይዞ ተጽፏል። በእኔ ካርዶች ላይ ግን ሰያፉ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ይሰመራል።

«ቲ.ኤን.ቲ.» የተባለው ዘፈን ራሱ አንድ ጥያቄ አስነሣ። አጃቢዎቹ እየደጋገሙ «ኦይ!» ይላሉ። ይህ ቃል ነው ወይስ ጩኸት? ሕዝቡ ከግጥሙ ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ካርድ ሰጥቼዋለሁ።

የቁጥሮቹ ምሽት

ከዚህ ሥራ ሁሉ በጣም ያስደሰተኝ ምሽት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በ1976 የወጣው «ደርቲ ዲድስ ደን ደርት ቺፕ» የአገልግሎት ማስታወቂያ ነው። ዘፋኙ ቆሻሻ ሥራ በርካሽ ዋጋ እሠራለሁ ይላል። ደንበኞቹ እነማን ናቸው ብዬ ለቀምኩ፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያስመረራት ተማሪ፣ በፍቅረኛዋ የተከዳች ልጅ፣ ከምትጨቀጭቀው ሴት መገላገል የሚፈልግ ሰው። ከዚያ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ይመጣል። የሲሚንቶ ጫማ፣ መርዝ፣ ፈንጂ፣ ከረባት፣ ኮንትራት፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ። መርዝና ፈንጂ በተባለበት ዝርዝር ውስጥ ኮንትራት መግባቱን ልብ በሉ። ከሙዚቃ አሳታሚዎች ጋር ውል የተፈራረመ ሰው የሚያውቀው መሣሪያ ነው።

ማስታወቂያ ስልክ ቁጥር ያስፈልገዋልና ቦን ቁጥሩን ይናገራል፤ 36፣ 24፣ 36። ከዚያ አንድ ጩኸት ያስከትላል። አልበሙ በአሜሪካ በ1981 ሲወጣ አንዳንድ ወጣቶች ጩኸቱን «ስምንት» ብለው ሰሙት። ስድስት አሃዝ ላይ አንድ ሲጨመር ያኔ ሙሉ የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ይሆን ነበር። በኢሊኖይ ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት ቤት ስልኩ አላርፍ አለ፤ ደዋዩ ሁሉ ቆሻሻ ሥራ እንዲሠሩለት ይጠይቃል። የሸክላ አሳታሚውን ድርጅት የ250 ሺህ ዶላር ካሳ ጠይቀው ከሰሱ። ግጥም ማንም አይሰማውም ለሚሉ ሰዎች ይህን ካርድ አሳያለሁ። እነዚያ ልጆች እስክሪብቶ ይዘው ነው የሰሙት።

ቁጥሩ ሌላም ትርጉም አለው። በዚያ ዘመን 36፣ 24፣ 36 ኢንች የቆንጆ ሴት ልክ ተብሎ በሰው አፍ የሚዞር ነበር፤ ደረቷ 91 ሴንቲ ሜትር፣ ወገቧ 61፣ ዳሌዋ 91። ይህን በካርዱ ጥግ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አልበም፣ ወደ 1977ቱ «ሌት ዜር ቢ ሮክ» ተሻገርኩ። የመጨረሻው ዘፈን «ሆል ሎታ ሮዚ» ነው። እዚያም ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ 42፣ 39፣ 56። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እየሳቅሁ ከወንበሬ ተነሣሁ። አንድ ገጣሚ በአንድ ዓመት ልዩነት የሁለት ሴቶችን ልክ በኢንች ጽፏል። የመጀመሪያዋ መጽሔት የሚያደንቃት፣ ስም የሌላት፣ የስልክ ቁጥር ሆና የቀረች ናት። ሁለተኛዋ ስም አላት፤ ክብደቷም ተነግሯል፤ 19 ስቶን፣ ማለትም ወደ 121 ኪሎ ግራም። አንድ ኩንታል ከ20 ኪሎ መሆኑ ነው። ፍቅሩ፣ አድናቆቱ፣ ከቡድኑ ዘፈኖች ሁሉ ኃይለኛ የሆነው የጊታር ነጎድጓድ ለማን ተሰጠ? ለሮዚ። ቦን እንደሚለው ካያቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት፤ ሲዘፍነውም ከልቡ ነው።

ስለ ቦን የወጣትነት ሥራዎች የማውቀውን ሳስታውስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጣመኝ። ከትምህርት ቤት በ15 ዓመቱ ወጥቶ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ የሚዛን ጥገና ሠልጣኝነት ነበር። ሚዛን ሲያስተካክል የኖረ እጅ ነው ሮዚን የመዘናት። ኪሎውን አላጋነነም፣ አልቀነሰም፤ ቁጥሩን አስቀምጦ ለቁጥሩ ዘፈነለት። ይህ ካርድ ከሁሉ የበለጠ ሰማያዊ ተለጥፎበታል።

ሰምና ወርቅ

የ1976ቱ አልበም ላይ «ቢግ ቦልስ» የሚባል ዘፈን አለ። ዘፋኙ የእንግሊዝ መኳንንትን አነጋገር እየመሰለ ስለሚያዘጋጃቸው የጭፈራ ግብዣዎች ትልቅነት ይተርካል። ሁለተኛውን ትርጉም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሁሉ ወዲያው ያገኘዋል፤ እኔም እዚህ አልፈታውም። የአማርኛ ጆሮ ያለው ሰው ግን በሰምና ወርቅ ሚዛን ሊመዝነው ይገባል። ሰሙ ወርቁን ሳይጠራ ብቻውን ሙሉ ሆኖ ይቆማል ወይ? ይቆማል። ግብዣ አለ፣ ለግብዣው ልዩ ልብስ የለበሱ እንግዶች አሉ፣ አስተናጋጁ በመደብ ኩራቱ የታወቀ ሰው ነው። ዘፈኑን ለአያትህ ብታሰማት የግብዣ ወሬ ነው ብላ ልትቀመጥ ትችላለች። ከ1975ቱ «ዘ ጃክ» ጋር ይመሳሰላል፤ እዚያም ሰሙ የካርታ ጨዋታ ነው፣ ወርቁ ደግሞ በመኝታ የሚተላለፍ በሽታ። ቦን በሸክላው ላይ የካርታውን ሥርዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠብቆታል።

በዚህ ሚዛን ስመዝን የ1980ዎቹ ተመሳሳይ ዘፈኖች ይወድቃሉ። «ጊቨን ዘ ዶግ ኤ ቦን» እና «ሲንክ ዘ ፒንክ» ሰም የላቸውም፤ ወርቁ ገና ከርዕሱ ላይ ፈስሷል። ስለዚህ ካርዶቻቸው አጫጭር ናቸው። ዜማቸውን ግን እወደዋለሁ፤ «ሲንክ ዘ ፒንክ» ሲጀምር ድምፁን ከፍ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱ ነኝ።

እሑድ፣ የፍጥረት ካርድ

«ሌት ዜር ቢ ሮክ» የተባለው ዘፈን ከብሉይ ኪዳን አነጋገር ተነሥቶ የሮክ ሙዚቃን አፈጣጠር ይተርካል። ከጀርባው የአሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ የቹክ ቤሪ የ1956 ዘፈን አለ፤ ቤሪ ቤትሆቨንን ገለል እንዲልና ዜናውን ለቻይኮቭስኪ እንዲነግርለት ይጠይቀዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ቦን መልሱን ይዞ መጣ፤ ዜናው ለቻይኮቭስኪ ደርሶታል፣ ትእዛዙንም የሚሰጠው እሱው ነው። መልእክት ላኪው በቺካጎ ቀርጾ ልኮት፣ ተቀባዩ በሲድኒ የተናገረበት ዘፈን ሌላ አላውቅም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ለቀምኩ። መጀመሪያ ድምፅ ይሁን፣ ቀጥሎ ብርሃን፣ ከዚያ ከበሮ፣ ከዚያ ጊታር፣ መጨረሻ ሮክ። እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ዘፍጥረትን የሚያውቅ ሁሉ ብርሃን ይቀድማል ሊል ይችላል። ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት የሚተርከውን አክሲማሮስን የሰማ ግን ሌላ ነገር ያስታውሳል። በእኛ ትምህርት እግዚአብሔር በእሑድ ቀን ሌሎቹን ፍጥረታት በአርምሞ፣ ማለትም በዝምታ፣ ፈጥሮ ብርሃንን በነቢብ፣ ማለትም በመናገር ፈጠረው። ብርሃን ይሁን የሚለው ድምፅ ተሰምቶ ነው ብርሃን የሆነው። ድምፅ ከብርሃን ይቀድማል ያለው ቦን ስኮት አክሲማሮስን በእጁ እንዳልነካው እርግጠኛ ነኝ፤ ሆኖም የደረሰበት ቦታ አባቶቻችን የደረሱበት ነው። ካርዱ ላይ «በነቢብ» ብዬ በቀይ ጻፍኩበት። ለቅዳሴ ያነቃሁት ጆሮዬ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ስላገለገለኝ ደስ ብሎኛል።

ለዘፈኑ ፊልም ሲቀረጽ ሲድኒ ውስጥ በሰሪ ሂልስ በሚገኝ የቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ቦን የቄስ ልብስ ለብሶ ነው የሚታየው። ካርዱ ላይ ለዚህ ትንሽ ሥዕል ሣልኩ።

አረንጓዴ ካርዶች

ገንዘብ የሌለው ሰው ስለ ገንዘብ የሚያስበውን ያህል ማንም አያስብም። የቦን ዘፈኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። በ1976 «ኤይንት ኖ ፈን» በተባለው ዘፈን ሚሊየነር እስኪሆን መጠበቅ አድካሚ ነው ይላል፤ ሱሪው በእራፊ ላይ እራፊ ተለጥፎበታል። ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ መጠበቅን የሚያህል ርዝመት ነው። መጨረሻ ላይ ሀብታም ሆኖ ጎረቤቱን ጃምቦ ጄትህን ከአውሮፕላን ማረፊያዬ ላይ አንሣ ብሎ ይሳደባል። ከእራፊ ሱሪ እስከ ግል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሰውየው ጠባይ አልተለወጠም፤ የንብረት ጭቅጭቁ ብቻ አደገ።

በ1978 የመጣው «ዳውን ፔይመንት ብሉዝ» ግን የበለጠ ይወጋል። ሰውየው ካዲላክ መኪና ገዝቷል፣ ቤንዚን መግዣ የለውም። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። ጫማው ተበስቷል። ሃምሳ ሳንቲም ያለው ሚሊየነር ነኝ ይላል። እዚህ ያሉት አራት ዕቃዎች፣ መኪናው፣ ቤንዚኑ፣ ሬዲዮውና ጫማው፣ የአንድን ሰው ሙሉ ኑሮ ይናገራሉ። በቅድሚያ ክፍያ ዕቃ አንሥቶ ወር እየቆጠረ የሚኖር ስደተኛ ሁሉ ይህን ዘፈን ሊያውቀው ይገባል።

የዚህ ተቃራኒ ካርድ የ1990ው «መኒቶክስ» ነው። ቡድኑ ያኔ ሀብታም ሆኗል። በዚያ ዘመን ኮንሰርቶች ላይ የአንገስ ፊት የታተመባቸው የይስሙላ ዶላሮች ከላይ በሕዝቡ ላይ ይዘንቡ ነበር። ጥሩ ትርዒት ነው፤ ለኔ ግን ተበስቶ ያየሁት ጫማ ይበልጥብኛል።

1979 እና 1980

በ1979ኙ አልበም «ሃይዌይ ቱ ሄል» (ወደ ሲኦል የሚወስድ ጎዳና) ላይ ብዙ አልቆየሁም፤ ርዕሱ ሃይማኖተኞችን ቢያስደነግጥም ግጥሙ ውስጥ ያለው የሙዚቀኛ የጉዞ ኑሮ ነው። ከአልበሙ የወደድኩት የመጨረሻው ዘፈን የመጨረሻ ሰከንዶች ናቸው። አስፈሪ የሌሊት ዘፈን ካለቀ በኋላ ቦን ሮቢን ዊሊያምስ በቴሌቪዥን የሚጫወተው ከሌላ ፕላኔት የመጣ ገጸ ባሕርይ የሚናገራቸውን ትርጉም የለሽ ቃላት ጣል ያደርጋል። ቦን በየካቲት 1980 ለንደን ውስጥ በ33 ዓመቱ ሞተ። ከቡድኑ ጋር በቀረጸው የመጨረሻ አልበም ላይ የመጨረሻ ቃሉ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ይህን ካርድ ከሌሎቹ ለየት ባለ ሰማያዊ ለጠፍኩት።

ከዚያ አዲሱ ዘፋኝ ብራያን ጆንሰን መጣ፤ ከእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከኒውካስል አጠገብ። «ባክ ኢን ብላክ» የተቀረጸው በባሃማስ፣ ናሶ ከተማ በሚገኘው ኮምፓስ ፖይንት ስቱዲዮ ነው፤ አልበሙ በሐምሌ 1980 ወጣ። ዘፋኙን በቅርቡ በቀበረ ቡድን ውስጥ ገብቶ ለሟቹ መታሰቢያ ግጥም መጻፍ፣ ያውም ሳያለቅሱ፣ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ጆንሰን በርዕሱ ዘፈን ውስጥ ዘጠኝ ነፍስ ያላትን ድመት አስገባ። ጥቁሩ ሐዘን ነው፣ ድመቷ ግን ከሞት የምትመለስ ናት፤ ለቅሶና ፉከራ በአንድ ስንኝ ገቡ።

«ሄልስ ቤልስ» ደግሞ በካርቶኑ ውስጥ የመጀመሪያው የአየር ሁኔታ ካርድ ነው። ጆንሰን ሲጽፍ ከውጭ ሞቃታማው ባሕር ላይ ማዕበል ተነሥቶ ነበር። ነጎድጓዱን፣ ዝናቡን፣ ነፋሱን እንዳለ አስገባው። በዘፈኑ መክፈቻ የሚሰማውን ደወል የሠራው በእንግሊዝ ላፍብራ ከተማ የሚገኘው የጆን ቴይለር የደወል ማቅለጫ ነው፤ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል፤ ድምፁም እዚያው ማቅለጫው ውስጥ ተቀርጿል። ለዚህ ካርድ ግራጫ ቀለም መጨመር ነበረብኝ።

ሰማያዊው ሲሳሳ

ከ1981 በኋላ ያሉት ካርዶች በፍጥነት ሄዱ፤ ምክንያቱም የሚለቀም ሰው ያንሳል። ካርቶኑን ከላይ ሳየው ሰማያዊው ይሳሳል፣ ቀዩ ይበዛል። ቤቱ ይቃጠላል፣ ጠመንጃው ይተኮሳል፣ መድፉ ይጮኻል። «ፎር ዞዝ አባውት ቱ ሮክ» የሮማ ተፋላሚዎችን የሞት ሰላምታ ወስዶ ለሙዚቀኞች ሰጠ፤ መድፎቹም ያኔ ነው መድረክ ላይ የወጡት። ከ1990ው «ዘ ሬዘርስ ኤጅ» ጀምሮ ግጥሙን የሚጽፉት ወንድማማቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያኔ «ተንደርስትራክ» መጣ፣ ነጎድጓዱም ነገሠ። ይህንን እንደ ውድቀት አላየውም። ቦን ሰዎችን ይጽፍ ነበር፤ ያንጎች ጊታሩ ራሱ የሚናገረውን በቃል ይደግሙታል። «ተንደርስትራክ»ን ሕዝብ በተሞላ ስታዲየም የሰማ ሰው ተጨማሪ ገጸ ባሕርይ አይጠይቅም።

ከዚህ ዘመን ሁለት ካርዶች ብቻ ረጅም ናቸው። አንዱ የ1983ቱ «ቤድላም ኢን ቤልጂየም» ነው፤ በ1977 ኮንቲክ በምትባል የቤልጂየም ከተማ ፖሊስ ኮንሰርታቸውን ያስቆመበትን ሁከት ይተርካል። ጆንሰን ያኔ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም፤ የሰዎቹን ታሪክ ግን እዚያ እንደነበረ ሆኖ ይዘፍንላቸዋል። ሌላው ለስቲቨን ኪንግ ፊልም በ1986 የተሠራው «ሁ ሜድ ሁ» ነው፤ ሰውና ማሽን ማን ማንን ፈጠረ ብሎ ይጠይቃል። ስሙን ከስፌት መኪና ላይ ላገኘ ቡድን ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጥቁሩ ቀለም

ዛሬ «ሮክ» የሚለውን ቃል በርዕስ ደረጃ ቆጠርኩ። ሁሉም ሰው በየዘፈኑ ስም ውስጥ አለ ብሎ ያምናል፤ ካርዶቹ ሌላ ይናገራሉ። ስማቸውን ያገነነው «ሃይዌይ ቱ ሄል» አሥር ዘፈኖች አሉት፤ በአንዱም ርዕስ ውስጥ ቃሉ የለም። «ፍሊክ ኦፍ ዘ ስዊች» እና «ፍላይ ኦን ዘ ዎል»ም እንዲሁ ባዶ ናቸው። በ«ባክ ኢን ብላክ» አንድ ብቻ ነው፣ ያውም የመጨረሻው ዘፈን፤ ሮክ የድምፅ ብክለት አይደለም ብሎ የሚከራከረው። በ2008ቱ «ብላክ አይስ» ከ15ቱ አራት፣ በ2014ቱ «ሮክ ኦር ባስት» ከ11ዱ አራት ይሆናሉ። ወጣት ሳሉ ቃሉን የሚጠሩት ሲያስፈልግ ነው፤ በእርጅና ዘመናቸው በሩ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በ2020 «ፓወር አፕ» መጣ፤ 12 ዘፈኖች፣ በርዕስ አንድም «ሮክ» የለም።

«ፓወር አፕ»ን ለብቻው ያዝኩት። ማልኮም ያንግ በ2014 በመርሳት ሕመም ምክንያት ከቡድኑ ወጥቶ በኅዳር 2017 አርፏል። የአልበሙ ዘፈኖች ሁሉ ግን የአንገስና የማልኮም ድርሰት ተብለው ተመዝግበዋል፤ ወንድማማቾቹ በጋራ ካጠራቀሟቸው ሐሳቦች የተሠሩ ናቸውና። «ስሩ ዘ ሚስትስ ኦፍ ታይም» የተባለው ዘፈን ወደ ኋላ ተመልክቶ የሄዱትን ፊቶች ያስታውሳል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰማያዊ ወረቀት ቆርጬ የለጠፍኩት በዚህ ካርድ ላይ ነው።

ስፌት

ካርዶቹን በየአልበሙ ከፋፍዬ ጠርዛቸውን በማስመሪያ አስተካከልኩ፤ በወስፌ አምስት አምስት ቀዳዳ በሳሁ። ክሩ ጥቁር ነው። ባለቀለሙ ጠርዝ እንዲታይ ስፌቱን በግራ በኩል አደረግሁት፤ መጽሐፉ ተዘግቶ ሲቀመጥ ቀለማቱ ከላይ ይነበባሉ። ለሽፋኑ ጥቁር ጨርቅ በካርቶን ላይ በኮላ ለጥፌ ከባድ ዕቃ ጭኜበታለሁ፤ እስኪደርቅ አይነካም።

የቀረኝ ሥራ የመድረክ ቅጂዎቹ ናቸው። ቦን «ዘ ጃክ»ን መድረክ ላይ ሲዘፍነው ሰሙን ጥሎ ወርቁን በግልጽ ይናገረዋል፤ ሕዝቡ «ሮዚ» ሲጀምር በጊታሩ መሃል የአንገስን ስም ይጮኻል። ያ ጩኸት በሸክላው ግጥም ውስጥ የለም፤ ዛሬ ግን ያለሱ ዘፈኑ ጎዶሎ ነው። ከስፌቱ ውጭ በኋላ ገጽ ኪስ ሠርቼ ለእነዚህ ነጻ ካርዶች ቦታ ትቻለሁ። የመጀመሪያው ተጽፎ ገብቷል፤ «ኦይ!» ከሚለው ካርድ ጎን፣ «አንገስ!» የሚለው።